በጥምቀት የተዘጋው በር

ፓሊዮስካላ፣ የጥምቀት ማግስት

ለስታማቲስ፣ ለግትሩ ባሌ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለው? አቴና ዝናብ ብቻ እንደሆነች በሬዲዮ ሰማሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፣ አሸንፌሃለሁ! በል ቁጭ ብለህ በእርጋታ አንብብ፤ እንደ ልማድህ እየዘለልክ መጨረሻውን እንዳታይ።

በሴፕቴምበር ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ፣ አንተ አልሄድም ብለህ ደረጃው ላይ ቆመህ ያልከኝን አልረሳሁትም። «እስከ ስምሽ ቀን፣ እስከ ጥምቀት ድረስ አንድ የአገሩ ሰው ቤትሽ ገብቶ ካልተቀመጠ፣ በቀጣዩ እሑድ መኪና ይዤ መጥቼ እጭንሻለሁ» አልክ። እኔም በእልህ እሺ አልኩ። እልሄን ታውቀዋለህ።

ጎረቤቶቻችን፣ ከዚያ ሁሉ የባሕር ዳር ከተማ እንዴት ያንን ትመርጣለች እያሉ ይጠይቁሃል አሉ። ንገራቸው። የምንኖርበትን ስንፈልግ ሁለት ዓመት በኦገስት አብረን ስንዞር ሁሉም አምረው ነበር። ሙሽራን በሠርጓ ቀን አይቶ በመልኳ ይፈረዳል እንዴ? ስለዚህ በፌብሩዋሪ ብርድ ብቻዬን ሄጄ አየኋቸው። አንደኛው ከተማ ሱቁም ሆቴሉም ተቆልፎ ድመት ብቻ ቀርቶታል። ሌላኛው ውስጥ አንድ ፖሊስ አገኘሁ፣ እሱም መንገድ ጠፍቶት ነበር። ፓሊዮስካላ ከአውቶቡስ ስወርድ ግን በዝናቡ መሃል የዳቦ ሽታ መጣ። ጋጋሪው ጳናጎስ ዳቦ ቤቱን ከፍቶ፣ ሴቶቹ ተሰልፈው የሰው ሚስት ያማሉ። ሐሜት ያለበት አገር ሰው ይኖርበታል አልኩና በዚያው ሳምንት ከሴፕቴምበር ጀምሮ የምገባበት ቤት ተከራየሁ።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እነዚህ ወራት ከብደውኝ ነበር። «እንደምን አደርሽ፣ የአቴናዋ» ብለውኝ ያልፋሉ። ስሜን የጠራኝ የለም። ዳቦ ቤት ስገባ ወሬው ቁርጥ ይላል፤ ያኔ የሚያሙት እኔን እንደሆነ ገባኝ። ላንተ በስልክ «ሁሉም ሰላም ነው» የምልህ በእልህ ነበር።

ትናንት ታዲያ ጥምቀት ሆነ፣ ስሜ ቴዎፋኒያ የሚከበርበት፣ ሰው ለእንኳን አደረሰሽ የሚመጣበት ቀን። የብርቱካን ልጣጭ በስኳር ቀቅዬ፣ ኮኛክ ገዝቼ፣ ወንበሮቹን ወልውዬ አዘጋጀሁ። ጠዋት ወደቡ ላይ አባ ጌራሲሞስ መስቀሉን ባሕር ውስጥ ሲጥሉ፣ ወጣቶቹም ሊያወጡት ዘለው ሲገቡ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አየሁ። ከዚያ ከሰው ቀድሜ ወደ ቤት ሮጥኩ። የሰሜኑ ነፋስ አጥንት ይሰብራል፤ እንግዶቼ ሙቀት ውስጥ እንዲገቡ ብዬ ምድጃውን አንድጄ በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ፎቅ ወጥቼ በመስኮት መጠበቅ ያዝኩ።

መጡ ስታማቲስ፣ በዓይኔ አየኋቸው። የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጣፋጭ በካርቶን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። እስከ በሬ ይደርሳሉ። ቆም ይሉና እርስ በርስ ይተያያሉ። ጳናጎስማ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ አንዱም ሳያንኳኳ ዞረው ይመለሳሉ።

አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅናሽ ምን ነካሽ አልኩ። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ግን ያንተ ትክክል መሆን ነው። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ።

ሳልጨርስ በሩ ተበረገደ። ፊት ለፊቴ የምትኖረው እትዬ ጋሩፋልያ ናት፣ የመርከበኛው መበለት። ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ እቅፍ አደረገችኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ሐዘኑን እኔም አይቼዋለሁ። መቼ ነው ያረፈው?»

«ማን?»

«ባልሽ ነዋ።»

ለካ እዚህ አገር በስም ቀን በር አይዘጋም! በረዶ ቢጥል፣ ነፋሱ ጣራ ቢያነሳ፣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የፈለገ ይገባል፣ የሚጠራም የሚያንኳኳም የለም። በስሙ ቀን በሩን የሚዘጋ ሐዘን የገባበት ብቻ ነው። እኔን የሚያውቁኝ ባሏን አቴና ትታ የመጣች ሴት አድርገው ነው፤ ታዲያ በሩን ተዘግቶ ሲያዩ ምን ያስቡ? ገደሉሃ። ጳናጎስ ቆቡን ያወለቀው ለነፍስህ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ። እትዬ ጋሩፋልያ በሐዘን ያበድኩ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች። ነገሩ ሲገባት ግን ደሟ ፈላ። በር ዘግቶ እንግዳ የሚጠብቅ ጅል ዛሬ ገና አየሁ ብላ ወረደች፤ መንገዱ መሃል ቆማ ባሏ አልሞተም፣ በርዷት ነው የዘጋችው እያለች ሰፈሩን ጠራችው።

ቤቱ ጢም አለ። ደረጃው ላይ ቆመው የበሉም አሉ። ያ ስሜን ጠርቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ «ፋኒ፣ ብዙ ዓመት ያኑርሽ» እያለ ጉንጬን ሳመኝ። አባ ጌራሲሞስ ኮኛኩን ደጋግመው ባረኩት። ምድጃው ምንም ሳይጠቅመን፣ ነፋሱ መጋረጃውን እያንገላታ፣ ኮታችንን እንደለበስን ተጫወትን። እንዲህ በርዶኝ፣ እንዲህም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት ስገባ ወሬው አልተቋረጠም፤ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝና ስለ ፖስተኛው ሚስት ከሥሩ ጀምረው ነገሩኝ።

ስለዚህ እሑድ እኔን ለመጫን ብለህ ነዳጅ አታቃጥል።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ሁሉም ተቀምጠው ሳሉ እትዬ ጋሩፋልያ ማንኪያዋን አስቀምጣ «እሺ፣ ካልሞተ ሰውየው የት አለ?» አለችኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? ተኳርፈን ነው? ትቼው ነው? ትቶኝ ነው?

«የአቴናውን ቤት እያስረከበ ነው» አልኩ፤ «ለፋሲካ ይመጣል።»

አጨበጨቡ። ጳናጎስ የፋሲካውን በግ ከአንተ ጋር ሊጠብስ ቃል ገባ።

ና ብዬ አልለምንህም፣ ታውቀኛለህ። ግን ለፋሲካ ካልመጣህ ይሄ ሕዝብ ሞቷል ነው የሚለው፤ እኔም ጥቁር ለብሼ ተዝካርህን ላወጣ ነው። ደግሼም ነው የማወጣው። ያን ቀን ሳለቅስ ግን ለማስመሰል እንዳይመስልህ።

የባሕረኞቹ ጠባቂ ቅዱስ ኒኮላዎስ መንገድህን ያቅናልህ፣ ክፉ አይንካህ።

ሚስትህ፣
ፋኒ