ሙሽራ በቃሬዛ

ሰኞ፣ የካቲት 7፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

እግሬ ዛሬም አብጧል። ጫማዬ አልገባ ስላለኝ የባሌን ኮንጎ ተጫምቼ ውሃ ቀዳሁ። እርግዝናዬ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ እግሬን ጫን ጫን አደረገች፣ ፊቷ ተለወጠ። ቤት መውለድ የለም፣ ሐይቅ ሆስፒታል ብቻ አለች። በምን ልሂድ? አምቡላንሱን ጦርነቱ በላው። እስከ አስፋልት ቁልቁለቱ ሁለት ሰዓት። ደብተሬ፣ እስቲ አንተው ንገረኝ።

ጋሽ ይማም ዘንድ ሄድኩ፤ የቅሬያችን፣ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሕጉን አነበነቡልኝ። ቅሬ ይቀብራል፣ በሽተኛም ይሸከማል፤ ትከሻ ላላዋጣ ቤት ግን ቃሬዛ አይወጣም። ባሌ ዐረብ አገር ከሄደ ወዲህ ስሙ ተሰርዟል። በእኔ ስም ይጻፉኝ አልኩ። ሳቁ፤ ሴት ቃሬዛ ተሸክማ ታውቃለች ወይ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ተናደድኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ለጎረቤቴ ለዘሀራ ነገርኳት። ፈት ናት፣ ቅሬ የላትም። አምና ምጧ ሲመጣ የሚሸከማት አጥታ በእግሯ ወረደች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። ስለዚያ ቀን አታወራም። ዛሬ ግን ነግሬያት ሳልጨርስ ተነስታ መጥረቢያ አነሳች። ሁለት ባሕር ዛፍ ቆረጠች። እኔ ጅዳ ሠርቼ ስመለስ ያመጣሁትን የነብር ሥዕል ያለበት ብርድ ልብስ ሰጠሁ። የታች ቤቷ ጎረቤቴ ይታይሽም መርፌና ጠፍር ይዛ መጣች። ቃሬዛ ሆነ!

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ልምምድ። ስምንት ሴቶች፤ ገሚሱ ባል የሌላት፣ ገሚሱ ባሏ የዘመተባት። ዘሀራ እኔን አላስነካ አለች፤ ስለዚህ ጭነቱ ይታይሽ ሆነች። እሷን ከቻልን ማንንም እንችላለን ተባለ፤ ይታይሽ አኮረፈች፣ ግን ተኛች። እንስራና እንጨት በጀርባው የለመደ ሰው ትከሻው አይታዘዝም። አንዷ በቀኝ፣ ሌላዋ በግራ እግሯ ስትነሳ ቁልቋሉ ሥር ዘረገፏት። በሳቅ ልወልድ ነበር።

ወንዶቹ እርምጃ የሚያገጥሙበት ዜማ አላቸው። እኛ ሴቶቹ የለንም። በመጨረሻ ይታይሽ እዚያው እንደተኛች የሙሽራ ዘፈን አወጣች። ሁሉም ተቀበሏት። እግራቸው ገጠመ!

ዓርብ፣ የካቲት 18፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ወገቤን ይዞኛል። ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል። ኤክስቴንሽኗ ብዥ ካለሽ አትቆዪ ብላኝ ነበር። ፈራሁ፣ ደብተሬ። ዘሀራ አብሽሪ፣ አይዞሽ ትላለች። ቃሬዛው በር ላይ ነው። እስክሪብቶውን ልትነጥቀኝ…

ሐሙስ፣ የካቲት 24

አለሁ። ሴት ልጅ። አልሃምዱሊላህ!

እንዲህ ሆነ። ቁልቁለቱን በሙሽራ ዘፈን ወረድን፤ ዘሀራ ከፊት። በየቤቱ ያለው ሰው ሙሽራ መስሎት እልል እያለ ወጣ፤ ጭራሽ ተከተለን። እኔ ብርድ ልብሱ ሥር ጥርሴን ነክሻለሁ፣ ሰዉ ያጨበጭብልኛል። አስፋልቱ ላይ መኪና ምጥ ለያዛት ሴት መቼ ቆሞ ያውቃል? ወንበሬን ታበላሽብኛለች ብሎ ያልፋል። የዚያን ዕለት ግን አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን እያንባረቀ መጥቶ ቆመ፤ ሙሽራ ሊያጅብ! ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ደነገጠ። ዘሀራ ግን ቃሬዛውን አስገብታ ጨርሳለች። ሐይቅ እስክንደርስ ጡሩምባውን አላቋረጠም። ደግ ልጅ ነው።

ሐኪሟ ትንሽ ብትዘገዪ ሁለታችሁንም አናገኛችሁም ነበር አለችኝ። ለሙሽራ የሚቆም መኪና ለምጥ አለመቆሙ ደግሞ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 26

ጋሽ ይማም መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ልጄን መረቁ። ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ፣ እኔንስ ያን ቁልቁለት ታወርዱኛላችሁ ወይ አሉ። ይታይሽ፣ እልልታው ካላሳፈረዎት አለቻቸው። ሳቁ፤ የዛሬው ሳቃቸው ሌላ ነው።

እስክሪብቶ አወጡ። የልጅቷ አባት እስኪመለስ በእሱ ስም ወደ ቅሬው ልመልስሽ አሉ። አይሆንም፣ በራሴ አልኩ። መዝገቡን ገለጡና እሺ አሉ። ሊጽፉ ሲሉ ቆይ አልኩ። ዘሀራ ልጄን አቅፋ ጥግ ተቀምጣለች፤ ቀና አላለችም።

መጀመሪያ እሷን ይጻፉ አልኳቸው።