የስምንት ሰዓቱ ሻኛ

ለክቡር ኢንጂነር አብዱረህማን
የግመል ወተት ነጋዴዎች የጋራ ማቀዝቀዣ ሥራ አስኪያጅ
ኢስትሊ፣ ናይሮቢ

ጉዳዩ፦ ከግራፉ ላይ የተነሣውን ጽሑፍና ከመደርደሪያቸው የተነሡትን ሴት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት፣ ሰዓቱ በፈለጉት አቆጣጠር ይሁን፣ እርስዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎና ልጆችዎ በማቀዝቀዣችን ውስጥ ካለው ወተት በተሻለ ሁኔታ ላይ እንደምትገኙ ጽኑ እምነቴ ነው። እኔም ከንዴት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ ላስታውስዎ፤ ሚናስ ነኝ። ቀን ቀን ዌስትላንድስ በሚገኝ የጥናት ቢሮ ግራፍ አዘጋጃለሁ፤ በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ የማቀዝቀዣችሁ የሙቀት መለኪያ የመዘገበውን በየወሩ ወደ ግራፍ እለውጥልዎታለሁ። ግራፉን በእጄ አልስለውም። ዘንጉ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ፣ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍበት፣ መስመሩ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖረው በጽሑፍ እዘረዝራለሁ፤ ኮምፒውተሩም ያንን ስክሪፕት አንብቦ የታዘዘውን ያወጣል። የዚህ አሠራር ብቸኛ ጉድለቱ ኮምፒውተሩ ምንም ቢያዙት የማያፍር መሆኑ ነው። በዚህ ጠባዩ ከእርስዎ ጋር በእጅጉ ተግባብቷል።

ደግሞም ከጥቅም ግጭት ነጻ መሆኔን አስቀድሜ ላሳውቅ እወዳለሁ። የግመል ወተት ቀምሼ አላውቅም፤ ያደግሁበት ቤትም እምነቴም አላስለመዱኝም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የበለጠ ገለልተኛ ሰው ከኢስትሊ እስከ ሁርሊንግሃም ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት በማቀዝቀዣው በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ማስታወቂያው ወይዘሮ ሰአዳ የተባሉት አባል በሩን ከፍተው በማቆየት የሁሉንም ወተት እንዳበላሹ፣ በዚህም ምክንያት መደርደሪያቸው እንደተወሰደባቸውና ከአባልነት የመሰረዛቸው ጉዳይ በመጪው ቅዳሜ ለጠቅላላ ጉባኤው እንደሚቀርብ ይገልጻል። ከማስታወቂያው ሥር ማስረጃ ተብሎ የእኔ ግራፍ አለ። ከግራፉ ሥር ደግሞ የእኔ ስም አለ። ከግራፉ ላይ ሁሉም ነገር ሲነሣ የእኔን ስም ብቻ ስለተዉልኝ፣ ውለታዎን በአደባባይና በተራ ቁጥር ለማመስገን ተገድጃለሁ።

፩ኛ/ ስለ ሰፊው ዘንግ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ግራፍ ሳቀርብልዎ፣ ሙቀቱን የሚያሳየው ቋሚ ዘንግ ከዜሮ ተነሥቶ ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ ያበቃ ነበር። ቀዩ መስመር ጧት አራት ዲግሪ ላይ ተኝቶ ያረፍድና ከቀትር በኋላ እንደ ግመል ሻኛ ብድግ ይላል። እርስዎም መነጽርዎን ዝቅ አድርገው ከተመለከቱት በኋላ፣ ሻኛው እንግዳ ያስደነግጣልና ዘንጉን እስከ መቶ ዲግሪ ከፍ አድርገው በማለት በትሕትና አዘዙኝ። መቶ ዲግሪ እንግዲህ ውሃ የሚፈላበት ነው። አርቆ አሳቢነትዎን አደነቅሁ፤ ማቀዝቀዣው አንድ ቀን ምድጃ ቢሆን እንኳ ግራፋችን አይጠበውም። ትእዛዙን ጻፍኩ፤ ሻኛው ሟሸሸ፤ መስመሩም እንደ ተጎተተ ገመድ ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ወተቱ በጀሪካን ውስጥ ሲኮመጥጥ፣ ግራፉ በግድግዳ ላይ በፍጹም ጤንነት ኖረ።

፪ኛ/ ስለ ሳጥኖቹ። የዘንጎቹ ስም በአማርኛ እንዲጻፍ ማዘዝዎ፣ ያለ ምንም አሽሙር የምናገረው፣ መልካም ትእዛዝ ነበር። ይሁን እንጂ ስክሪፕቱ ፊደላችንን የያዘ ፎንት ካልተመረጠለት በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል፤ እኔም ሳላስተውል እንደዚያው ላክሁልዎ። እርስዎ ግን ሳጥኖቹን አይተው «ማለፊያ ዲዛይን» ብለው ፈርመው አሰቀሉት። ጥፋቴን አርሜ፣ ሊነበብ የሚችል ግራፍ ይዤ በመጣሁ ጊዜ የሰጡኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ሳጥን ተሰቅሎ ለወራት የጠየቀ ሰው ከሌለ፣ ጽሑፉ መጀመሪያውኑ አላስፈላጊ ነበር አሉኝ። ያን ቀን የሳቅሁት ሳቅ አሁን እያነቀኝ ነው።

፫ኛ/ ስለ ሰዓቱ። እዚህ ላይ አንባቢዎቼ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ የሴትዮዋ እንጀራ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የሙቀት መለኪያው ሰዓት የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለእሱ አሥራ አራት ነው። እርስዎ ደግሞ አሥራ አራት ሰዓት የሚባል ነገር ለአባላቱ እንደማይገባ ተናግረው ወደኛው እንድለውጠው አዘዙኝ። ይህም ትክክል ነበር፤ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ስለሆነ፣ በር ላይ ከሚቆመው ዘበኛ፣ ከአስካሪው፣ እስከ ወተት ተሸካሚው ሁሉም ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል። እኔም የቀኑን ክፍል ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ደርድሬ፣ ከአግድሙ ዘንግ ሥር «ሰዓት፣ በሐበሻና በስዋሂሊ አቆጣጠር» ብዬ ጻፍኩበት። የተበላሸ ወተት ወሬ ዌስትላንድስ ደርሶ፣ ለማቀዝቀዣው ገንዘብ የሚሰጠው የረጂዎች ኮሚቴ ሙቀቱን ቀረብ አድርጎ የሚያሳይ ግራፍ በጠየቀ ጊዜ፣ ቋሚውን ዘንግ ወደ ሃያ አምስት እንድመልሰው ፈቀዱልኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። የማኅበሩ አርማ ቦታ ጠቦታል፣ ሰዓት መሆኑን ደግሞ ሕፃን ያውቀዋል በማለት፣ ያቺን ከሥር ያለችውን ጽሑፍ አስነሡኝ። የሳጥኖቹንም ታሪክ እንደ ማስረጃ አስታወሱኝ። ቁጥሮቹ ቀሩ፤ የማን ሰዓት እንደሆኑ የሚናገር ግን አልነበረም።

፬ኛ/ ስለ ሌጀንዱ፣ ማለትም የትኛው መስመር ምን እንደሆነ ስለሚገልጸው ትንሽ ሳጥን። ቀዩ መስመር ሙቀት ነው፤ ከታች በኩል የሚሄደው ሰማያዊ መስመር ስቲማ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ፣ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ስክሪፕቱ ለብቻው ከተተወ ይህን ሳጥን መስመር በሌለበት ባዶ ጥግ ያስቀምጠዋል፤ ደግ ጠባይ አለው። እርስዎ ግን ጥግ ላይ መቀመጥ ለማኅበራችን ክብር አይመጥንም ብለው፣ ከታች መሃል ላይ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ቦታ ላይ እንዲቀመጥ አስደረጉ። አሁን ሰማያዊው መስመር በግራ በኩል ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ በቀኝ በኩል ይወጣል፤ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት።

እኔም አውቃለሁ። ወደ ዜሮ ይወርዳል። የማቀዝቀዣው ሞተር ጩኸት ከላይ ባለው ቢሮዎ የሚካሄዱትን ስብሰባዎች ስለሚረብሽ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስቲማው ይጠፋል፤ አስካሪውም በሩን ቆልፎ ቁልፉን ወደ ላይ ያመጣልዎታል። ከኢሲዮሎ የሚመጣው ወተት ከአውቶቡስ የሚወርደው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ከነመንገዱ ሙቀት ገብቶ ከነሙቀቱ ይቆለፍበታል። ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ የማኅበሩን ጸሐፊ ብጠይቀው፣ ስለ ወተት ጥራት ነው አለኝ።

ወደ ኮሚቴው ልመለስ። የኮሚቴው አባላት ግራፉን አይተው፣ እንደ ልማዳቸው በፈረንጅ ሰዓት አንብበው፣ በስምንት ሰዓት የሚነሣው ሻኛ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ከጧቱ ማለታቸው ነበር። እርስዎም ሳይዋሹ መለሱ፤ ይህን ችሎታዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ከጧቱ በስምንት ሰዓት ወይዘሮ ሰአዳ የሚባሉ አባል ወተታቸውን ለማውጣት በሩን ይከፍታሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይከፍታሉ። የእነሱ ስምንት ሰዓት የእኛ ሁለት ሰዓት ነው፤ በእኛ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ቀዩ መስመር አራት ዲግሪ ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ በሁለት ዘንግና በአንድ አርማ ሲከናወን ግን ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ወይዘሮ ሰአዳን እርስዎ ስለሚያውቋቸው፣ የማስተዋውቃቸው ይህን ለሚያነቡት ለሌሎች ነው። የሞያሌ ሰው ናቸው፤ በዚህ ሰፈር ወተት ሲሸጡ ልጆቻቸው አድገው ለቁም ነገር በቅተዋል። የእኔ ጎረቤት ናቸው። ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት በሬን አንኳኩ፤ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ያሉኝን ቃል በቃል ላስፍር፦ «ሚናስ፣ ከወረቀቱ ሥር ያለው ያንተ ስም ነው አሉኝ። ሌባ ብባል ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ቢሉኝ ሰው ቦርሳውን ይይዛል እንጂ ወተቴን ይገዛል። ማማ ሰአዳ ማዚዋ፣ የሰውን ወተት፣ አበላሸች ከተባለ በኋላ ማን ነው ከእጄ የሚቀበለኝ? ደግሞስ ስምንት ሰዓት ላይ ቁልፉ ከላይ ቢሮው ውስጥ አይደለም እንዴ?»

ክቡር ሆይ፣ የተነሣችውን አንዲት መስመር ጽሑፍ አሰብኩና አፈርኩ። ከዚያም ንዴቱ መጣ፤ እስካሁንም አልሄደም። በየተራ ሲያዙኝ እያንዳንዱ ትእዛዝዎ ስለ ውበት ነበር፤ ይህ ይጨናነቃል፣ ያ አያምርም፣ ይህ ጥግ ላይ ነው። ስለ ወተት አንድም ቀን አላነሡብኝም። ግራፉ እያማረ እያማረ ሄዶ በመጨረሻ ሰው የሚያባርር ሆነ።

ስለዚህ ለቅዳሜው ጉባኤ አነስተኛ ስጦታ አዘጋጅቻለሁ። ያው ግራፍ ነው፤ አንድም ቁጥር አልነካሁበትም። ሌጀንዱን ወደ ባዶው ጥግ መልሻለሁ፤ ሰማያዊው መስመርም ከስምንት እስከ አሥራ አንድ መሬት ወርዶ ሲሄድ ይታያል። ከአግድሙ ዘንግ ሥር የሰዓቱን አቆጣጠር በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ጽፌበታለሁ፤ ሳጥን እንዳይሆን ፎንቱን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ለአርማችሁ ቦታ ስላልተረፈ ከልብ አዝናለሁ። ከሩቅም እንዲነበብ በትልቅ ወረቀት አሳትሜዋለሁ፤ እርስዎ ካልሰቀሉት እኔ ይዤው እቆማለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ግን አድሮ ስለሚኮመጥጥ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የምታገሠው።

የምለምንዎ ነገር ጥቂት ነው። የወይዘሮ ሰአዳን መደርደሪያ ይመልሱላቸው፤ ማስታወቂያውን በለጠፉበት በር ላይም ይቅርታውን በዚያው የፊደል መጠን ይለጥፉላቸው። ስብሰባዎንም ከተቻለ ወደ ጧት ያዛውሩት፤ የትኛው ጧት እንደሆነ ከፈለጉ በጽሑፍ አብራራለሁ።

ዘንግዎን ሲያሰፋና ሲያጠብ፣ ሻኛዎን ሲያሟሽሽ፣ ሳጥንዎን ሲያመላልስ የኖረው፣ ከእንግዲህ ግን ይህን ሁሉ ለሌላ ባለሙያ በአክብሮት የተወልዎ

ሚናስ ፍሥሐ

ግልባጭ፦
ለረጂዎች ኮሚቴ፣ ዌስትላንድስ (በፈረንጅ ሰዓት)
ለአባላት በሙሉ (በእኛ ሰዓት)
ለማቀዝቀዣው በር

ሳልረሳው፦ ለቤትዎ የሚሆነውን ወተት ሾፌርዎ ሀቢብ የሚወስደው ከአውቶቡስ እንደወረደ፣ ማቀዝቀዣው ደጃፍ ሳይደርስ፣ ከወይዘሮ ሰአዳ እጅ ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስትም መጥቶ ወስዷል፤ እሳቸውም እንደ ወትሯቸው መርቀው ሰጥተውታል። ሁልጊዜ የሚያጣድፈው ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ኢንጂነሩ ስምንት ሰዓት ካለፈ አታምጣው ብለውኛል» አለኝ። እባክዎ አይቆጡት፤ ታማኝ ሠራተኛ ነው። የትኛው ስምንት ሰዓት እንደሆነ ሳያስረዱት እንኳ፣ አንድም ቀን በጧት መጥቶ አያውቅም።