ከሜዳው ሥር ያለው በር

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤ እንደምን ከርመሃል? ናፍቆትህ ጸናብን እንጂ እኛስ ደህና ነን።

መሬቱን ሳንቆፍር ራዳራችን ከሜዳው ሥር ያሳየንን የጥንት ፍርስራሽ፣ ግንብ ነው መቃብር ነው እያልን ስንከራከር ሰነበትን። ሁለቱንም በኮምፒውተር ሠርቼ የራዳሩን ዓይነት ሞገድ ብልክባቸው ምስሉ ራዳሩ ካሳየን ጋር አልገጥም አለ። በመጨረሻ በር ሠርቼ ብሞክር ቁርጥ እሱን ሆኖ ቁጭ አለ!

ያን ዕለት ጎረቤታችን አባባን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ደግፎ ቢሮ አመጣልኝ። መንገዱ ስለተቆፋፈረ ይሆናል ቤቱ የጠፋባቸው። ኮምፒውተሩን ባሳያቸው፣ «ጎበዝ ልጄ! መቼ ገባህ?» አሉኝ፣ አንተን መስያቸው።

«ትናንት» ብላቸው አቅፈው ሳሙኝ። ምሳ ላይም ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ «ትናንት» አልኩ።

የዓመት ፈቃድህን ለክረምት አታቆየው፤ በአንተ ፈንታ መሳም ከበደኝ።

ደህና ሁንልኝ።

መንገድህን የምታይ እህትህ