ለቢንያም የመረጥሁለት ድራይቨር

ሰኞ

ሌባ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ ለሚከፈተው የፈጠራ ሥራዎች ትርኢት የተመዘገቡ ዕቃዎች ቪዲዮ ዛሬ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። ሦስተኛው የቢንያም ነው። «በራሴ የሠራሁት የሌዘር ፕሮጀክተር» ይላል። በቀይ ብርሃን ግድግዳ ላይ ታንኳ ይስላል። የኔ ታንኳ! መስታወቶቹን ከተሰበረ ሃርድ ዲስክ የነቀልሁት፣ ሞተሮቹን ያሰርሁት፣ ብሎኖቹ እንዳይላሉ የራሴን የጥፍር ቀለም የቀባኋቸው እኔ። ቀለሙ ቪዲዮው ላይ ይታያል። ሦስት ጊዜ አጉልቼ አየሁት።

ባለፈው ክረምት «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ተዋሰኝ። ከዚያ «ከወረታ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተሰረቀብኝ» አለኝ፤ እንባ አውጥቶ። እኔ ሞኟ አጽናናሁት። ስምንት ወር የለፋሁበትን ለወሰደብኝ ሰው «አይዞህ፣ ዋናው ያንተ ጤና ነው» አልሁት። ይህን አፌን ልቆርጠው ደረስሁ።

አባቴ ጨርቅ እየለካ «ምን ሆንሽ ዘይነባ?» አለኝ። «ምንም» አልሁት። ከሱቁ ጥግ ያለችው የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ሬዲዮ ነበረ። አንዱን አበላሸሁት።

ማክሰኞ

ጋሽ ዓለምነህ መጡ። እኔንም ቢንያምንም ብየዳ ያስተማሩን ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ትርኢቱንም የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው።

«ቢንያም ሁለት ሌዘር ዳዮድ አቃጠለ» አሉኝ። «የቀረው አንድ ነው። የሚሆነውን ድራይቨር መምረጥ አቃተው። ራሱ እንዳይጠይቅሽ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ እኔን ላከኝ።»

አፍሮ ነው!

ያቅተዋላ። የኔ የነበረውን ድራይቨር ምን እንዳደረገው አላህ ይወቅ። ጨረሩን የሚያወጣው ሌዘር ዳዮድ ሆዳም ነው። በሞቀ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ በሳበ ቁጥር ይሞቃል፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ይበላል። ድራይቨር ማለት መጥኖ የሚያጎርሰው ነው። ቢንያም ከባትሪ ጋር ብቻ አገናኝቶት ይሆናል።

ስርቆቱን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ተውሁት። ብነግራቸው በጓዳ ይመከራል፣ «ይቅር በይው» እባላለሁ፣ ያልቃል። እኔ የምፈልገው በሰው ፊት ነው።

«እመርጥለታለሁ» አልኋቸው። ቆመው መረቁኝ። መሬት መሬት አየሁ።

ረቡዕ

መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት አሉ።

አረንጓዴው፦ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ራሱን ይቆጣጠራል። ትንሿን ብሎን አዙሬ 40 ሚሊአምፕ ላይ ካቆምሁት፣ ቆመ ነው። ሲበራም ቀስ ብሎ ይነሳል።

ሰማያዊው፦ ቮልቴጁን ብቻ ይጠብቃል። ዳዮዱ ምን ያህል እንደሳበ ጉዳዩ አይደለም። ለሌላ ሥራ ጥሩ ነው፤ ለሌዘር ገዳይ።

በሌዘሩ ፈንታ ተራ ዳዮዶች ደርድሬ ሁለቱንም በቴስተር ለካሁ። አረንጓዴው ከጧት እስከ ዙህር ንቅንቅ አላለም። ሰማያዊው ሲጀምር 40፤ ጨዋ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ 48። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 70። ነቀልሁት።

ሰማያዊው ይሁንለት! ሲቀበለኝ ቢለካው ደህና ነው። ቅዳሜ ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ እሱ ደረቱን ነፍቶ ሲያስረዳ፣ ታንኳው ደመቅ፣ ደመቅ፣ ከዚያ ድርግም። ሌላ ዳዮድ የለው። ሲለምን፣ ላብ ሲያጠምቀው በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት።

ከሰዓት ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ከደቅ ደሴት የመጣ ጀልባ ማንጎ ያራግፋል። የተጠበሰ ዓሣ አዝዤ እስከ አጥንቱ ጋጥሁት። ከስንት ጊዜ ወዲህ እህል እንዲህ ጣፈጠኝ! ቤት ስገባ እናቴ «ፊትሽ በርቷል፣ ምን ተገኘ?» አለችኝ። «ሥራ ቀናኝ» አልኋት።

ሐሙስ

ራሱ መጣ። አዲስ ጫማ አድርጓል።

«ዘይኑ፣ ጠፋሽ እኮ!»

ጠፋሽ ይለኛል። ሰማያዊውን በወረቀት ጠቅልዬ አዘጋጅቼለት ነበር። እዚያው ለካው። 40። ፈገግ አለ።

«ያንቺ እጅ ወርቅ ነው» አለኝ።

አንድ ዕድል ልስጠው ብዬ ጠየቅሁት። «መስታወቶቹን ከየት አገኘሃቸው?»

ዓይኑን ሳያርገበግብ «አዲስ አበባ አሠራኋቸው» አለ።

በቃ። ዕድሉ አለቀ።

«ሻይ ልጋብዝሽ?» ሲለኝ «ጾመኛ ነኝ» አልሁት። አልነበርሁም። ሲወጣ በመስኮት እስኪሰወር አየሁት። እያፏጨ ነው የሄደው። አፏጭ።

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ምሳ እየበላሁ ድንገት ትዝ አለኝ።

ሞተሮቹ! መስታወቶቹን የሚያወዛውዙት የዚያ ፕሮጀክተር ሞተሮች ሲግሉ አንዳንዴ ቀጥ ይላሉ። ከቆሙ ጨረሩ መሳሉን ትቶ አንድ ቦታ ይተከላል። በ40 ከሆነ ዓይን ገና ሲነካው ይጨፈናል፣ ያመልጣል። በ70 ግን ማን ያውቃል። ሰማያዊው ደግሞ ዳዮዱን ከመግደሉ በፊት ያጎለብተዋል። እኔ መጥፋቱን ብቻ ነበር ያሰብሁት።

ጋሽ ዓለምነህ ደግሞ ማንኛውንም ዕቃ ፊቱ አጎንብሰው ካላዩት አያምኑም። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል። የሚያዩት በቀኙ ነው።

ቢንያም ስልክ አያነሳም። አሥር ጊዜ ደወልሁ። መልእክት ልጽፍ ጀምሬ አጠፋሁት፤ ምን ብዬ? ለሱ አላዘንሁም። ይህን እዚህ ልጻፈው፤ ለሱ ቅንጣት አላዘንሁም።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሳይከፈት ደረስሁ። አረንጓዴው፣ መበየጃው፣ ቴስተሩ ቦርሳዬ ውስጥ። ቢንያም መጋረጃ እያወረደ ነበር።

«አታብራው» አልሁት። «የሰጠሁህ ያቃጥለዋል። የሰውም ዓይን ያጠፋል።»

«አውቀሽ ነው የሰጠሽኝ?»

«አዎ። አንተም አውቀህ ነው የወሰድህብኝ።»

የፊቱ ቀለም ጠፋ። የቀባኋቸውን ብሎኖች በጣቴ ነካኋቸው። ሰማያዊውን ነቅዬ አረንጓዴውን በየድሁ። 40 ላይ አቆምሁት። ሞተሮቹ ሲቆሙ ጨረሩን እንዲጋርድ የካርቶን ቆብ ሠርቼ «እጅህን ከዚህ እንዳታነሳ፣ ሞተሮቹ ሲቆሙ ክደነው» አልሁት። ተማሪ ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

ሕዝቡ ገባ። ታንኳው ግድግዳው ላይ ተነሳ፤ ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣ ንቅንቅ የማይል። ሰው አጨበጨበ። ለሱ! ጥርሴን ነከስሁ።

ጋሽ ዓለምነህ እንደለመዱት አጎንብሰው አዩና ቀና አሉ። «ጎበዝ! ለመሆኑ ይህን ድራይቨር ለምን መረጥህ?»

ቢንያም ወደኔ አየ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርሁ። መልሱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ከንፈሬን አላንቀሳቀስሁም። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁ።

«የመረጠችው ዘይነባ ናት» አለ።

«ሞተሮቹንስ ማን አሰራቸው?»

«እሷ ናት።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ሁሉም የሷ ነው። ወስጄባት ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። እሱ በኋላ በር ወጣ፤ ጃኬቱን እንኳ ሳይዝ። ወላሂ ደስ አለኝ። ያመነው ከኅሊናው ይሁን እኔ እንዳልናገር ፈርቶ፣ አላውቅም።

እሑድ

ፕሮጀክተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሰማያዊውን ከቆሻሻ ቅርጫት ጣልሁት።

ጧት ጋሽ ዓለምነህ ቤት ሄድሁ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው አቀፉኝ። እዚያው ነገርኋቸው፤ ሁለቱ ድራይቨሮች፣ መርጬ የሰጠሁት፣ የሚያጎነብሱት እሳቸው እንደሆኑ ያሰብሁት ከሰጠሁ በኋላ መሆኑን።

እጃቸውን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አነሱ።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«እንጃ ጋሼ። ሲያቅፉኝ አልቻልሁም።»

«ሂጂ አሁን» አሉኝ። በር ድረስ አልሸኙኝም። ሁልጊዜ ይሸኙኝ ነበር።

ምሳ አልበላሁም። አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው።

«ማክሰኞ ለተማሪዎቹ ስለ ድራይቨር አመራረጥ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ሁለቱንም ይዘሽ ነይ። የሆነውን ሁሉ ትነግሪያቸዋለሽ።» ሳልመልስ ዘጉት።

ይቅርታ ይሁን ቅጣት አልገባኝም። ሰማያዊውን ከቅርጫቱ አውጥቼ በጨርቅ ጠረግሁት። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።