ከደሴቱ ጀርባ ያለው ውሃ

ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እዚያ ደቡብ ነፋሱ ሰው ይጥላል ይላሉ፤ ጆሮህን ሸፍነህ ትወጣለህ ወይስ አሁንም እንደ ልጅነትህ ነህ? እኛ ደህና ነን። ማለቴ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ የአባባን ነገር ከዚህ በታች እጽፍልሃለሁ። ለቀደሙት ደብዳቤዎቼ መልስ ስለነፈግኸኝ ተቀይሜሃለሁ። ቅያሜው ግን ከመጻፍ አላገደኝም።

አባባ «በእሱ ውሃ ገባን ብለሽ ጻፊለት፤ ሌላ እንዳትጨምሪ» ብሎኛል። ይኸው ጻፍኩ። በጀልባ ውድድሩ የመጨረሻ ቀን አባባ መሪውን አዙሮ ከደሴቱ ጀርባ ባለው ባንተ ውሃ ገባ። እዚህ ላይ አቁሚ ብሎኛል፤ ግን የእሱ ልጅ አይደለሁ፣ አላቆምም።

ዘንድሮ በወንዙ ከጎያ ከተማ እስከ ፓራና ከተማ ካልተወዳደርኩ ብሎ ሲነሳ ያበደ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፣ ከወንበርህ አትነሳ ብሎታል። እሱ ደግሞ «ታዲያ መች እነሳለሁ? ጀልባዋ ላይስ ተቀምጬ አይደል የምመራው!» አለ። በጀልባዋ ሽቦ የምትንጠለጠልበትን ያንተን የወገብ መታጠቂያ ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ማሰሪያውን በእኔ ልክ አሳጥሮ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ጎያ ላይ ወጣቶቹ ባለ ሁለት ቀፎዋን መንታ ጀልባችንን ሲያዩ ሳቁብን። መጣፊያ በመጣፊያ የሆነውን ሸራዋን ታውቀዋለህ። አንዱ «ጎበዝ፣ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ረስተዋል፣ አቀብሏቸው!» ብሎ ጮኸ። አባባ እኔን እየጠቆመ «ምርኩዜማ ይቺውና፤ አንተ ግን ሞግዚትህን የት ጣልካት?» አለው። የዚያን ቀን ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ወንዙ በድርቁ ጎድሎ አሸዋው በየቦታው ጀርባውን አውጥቷል። እኔ መታጠቂያህን ታጥቄ በሽቦው ተንጠልጥዬ ከውሃው በላይ እዘረጋለሁ፤ አባባ የውሃውን ቀለም እያየ ይመራል። የፈጠኑት አሸዋ ላይ ተሰክተው ጀልባቸውን ሲገፉ እኛ በጎናቸው እናልፋለን። ማምሻውን ካረፍንበት ዳርቻ ሁሉም ዓሣውን ጠብሶ ሲበላ፣ እሱ የማቴ ሻዩን ብቻ እየመጠጠ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ቃር ነው ይለኛል።

የመጨረሻው ቀን ዋዜማ ያረፍነው ደሴቱ አጠገብ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ኒካኖር፣ በልጅነትህ ታንኳ መቅዘፍ ያስተማረህ፣ መጥቶ ከአባባ ጋር ለብቻቸው ብዙ አወሩ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም።

በነጋታው ግንባር ቀደም ሆንን። ከኋላችን የነበረው ከሮሳሪዮ ከተማ የመጡት ልጆች ሸራ ብቻ ነው፤ እሱም ሩቅ። ደሴቱ ጫፍ ስንደርስ አባባ መሪውን ወደ ግራ ሰበረው።

«አባባ፣ ምን ሆንክ? ዋናው ውሃ በቀኝ ነው እኮ!» አልኩት።

«ወንድምሽ በዚህ እንሂድ ብሎኝ ነበር» አለኝ።

አንተና አባባ አብራችሁ የተወዳደራችሁበት የመጨረሻው ዓመት፣ ያ ጠዋት ትዝ ይልሃል፤ እንዴት ይረሳል! እኔ ዕቃችሁን ላደርስ መጥቼ እዚያው ዳርቻ ላይ ነበርኩ። ተወዳዳሪው ሁሉ ቁርሱን እየበላ ሳለ አንተ ለአባባ አቋራጩን ውሃ ስታሳየው፣ ሁሉም እየሰማ «አፍህን ዝጋ! አንተ ደግሞ መች ወንዝ ታውቅና!» አለህ። በዋናው ውሃ ሄዳችሁ ተበለጣችሁ። ፓራና ስትደርሱ ከጀልባዋ ወርደህ፣ ልብስህን እንኳ ሳትቀይር ወደ ደቡብ ሄድክ፤ አልተመለስክም።

ያንተ ውሃ መጀመሪያ ላይ ጥሩ አድርጎ ተቀበለን። ትንሽ እንደሄድን እምቦጩ ያዘን። ቀጥሎ አኻያው መሃል ለመሃል በቅሎ አገኘነው። ወርደን በገመድ ጎተትናት። አባባ አልተሳደበም፤ አባባ ሳይሳደብ ሲቀር እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቃለህ። ከአኻያው ወዲያ ውሃ የሚባል የለም። ሣር ነው፤ ባንተ ውሃ መሃል አንዲት ቀይ ላም ቆማ ትግጣለች። አባባ ላሟን አይቶ ሳቀ። ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ጥሩ መንገድ ነበር። ያኔ ብሰማው ኖሮ ጥሩ መንገድ ነበር» አለና አለቀሰ። በእናታችን ቀብር ላይ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። የማደርገው ጠፍቶኝ ሸራውን ማውረድ ጀመርኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኒካኖር በሞተር ታንኳው መጥቶ ጎትቶ አወጣን። «ትናንት ነግሬህ የለም እንዴ፣ አንተ ሰውዬ! በዚህ የሚያልፈው ከብት ነው አላልኩህም?» አለው። እኔ ዞሬ አባባን አየሁት። እሱ የታጠፈውን ሸራ እንደገና ያጥፍ ነበር።

አስበው እንግዲህ፣ ወንድምዓለም። እየመራን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ካርታ ልጫወት ብሎ ይወጣል። ሲመለስ እጁ ተላልጦ ይመጣል፤ ምን ነካህ ስለው «ካርታው ነው» ይለኛል። እኔም ያመንኩ መስዬ ቅባት እቀባዋለሁ። ነገሩን የነገረኝ ኒካኖር ነው። በታንኳው ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው እሱ ነው፤ አባባ አካፋ ይዞ ይሻገራል። ካንተ ውሃ መግቢያ ጀምሮ አሸዋውን ሲዝቅ ይውላል፤ የዛቀውን ሌሊት ወንዙ መልሶ ይደፍነዋል፤ በነጋታው እንደገና ይጀምራል። ኒካኖር «አላሻግርህም ስለው ዋኝቼ እሄዳለሁ ይለኛል፤ ምን ላድርገው?» አለኝ። ሐኪሙን ሄጄ አነጋገርኩት። «ክረምቱን መዝለቁን...» ብሎ ጀመረና ወረቀቶቹን መሰብሰብ ያዘ።

ና አልልህም። የተቆጣኸው እውነት ይዘህ ነው፤ ይህንንም ለእሱ በፊቱ ነግሬዋለሁ፤ አልተከራከረኝም። እኔ የጻፍኩት ያየሁትን ብቻ ነው።

የደቡቡ ነፋስ ይራራልህ። እግዜር ደጅህን ሰላም ያድርግልህ፣ እጅህን ከጉዳት ይጠብቅልህ። የእናታችን ጸሎት ካለህበት ይድረስህ።

የምትወድህ እህትህ

ይህን ሳልነግርህ እንዳልዘጋው፦ ትናንት ሌላ አካፋ ገዝቼ ከበሩ ጀርባ አቁሜዋለሁ። እጀታው ረጅም ነው፤ ለእኔም ለአባባም ቁመት አይሆንም።