የሰኞ ሳይረን

ሐምሌ 12፣ ሰኞ

እኩለ ቀን ላይ ሳይረኑን ሞከርኩ፣ እንደ ወትሮው። ከግድቡ አናት ቁልቁል ሳይ አባባ ከሽንኩርት ማሳው መሐል ቀና ብሎ ኮፍያውን አውለበለበልኝ። ሰኞ ሰኞ እንዲህ ነው። ውሃ ሲለቀቅ ሽሹ ለማለት የተተከለ ነገር፣ ለሱ “ልጄ ሥራ ገብታለች፣ ደህና ናት” ማለት ሆኖ አረፈው!

ሐምሌ 17፣ ቅዳሜ

ዝናቡ አላባራ አለ። ሰው ሠራሹ ሐይቅ ጢም ብሏል፤ ተርባይኖቹ ቀን ከሌት ቢዞሩም አልቻሉትም። ኃላፊው “ሰኞ ከሰዓት የግድቡን የውሃ በሮች እንከፍታለን” አለ። የአባባ ማሳ ደግሞ ወንዙ ዳር ነው።

ሐምሌ 18፣ እሁድ

ዘበኛው በሞተሩ እየዞረ የወንዙን ዳር ሰው ሁሉ አስወጣ። አባባ ብቻ ቀረ። “ሽንኩርቴን ሳልነቅል ንቅንቅ አልልም” አለው አሉ። ወርጄ ለመንኩት።

“ውሃው የመጣ እንደሆን አንቺ ትነግሪኝ የለ?”

“በሳይረን ነዋ!”

“በሳይረንማ ሰኞ ሰኞ ትነግሪኛለሽ።” ሳቀ።

በሽቄ ተመለስኩ። ግትር! እኔስ ከማን ወረስኩት... ነገ ደግሞ ሰኞ ነው። ሲጮህ ኮፍያውን ያውለበልባል እንጂ አይሮጥም። ምን ላድርግ? መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ።

ሐምሌ 19፣ ሰኞ

እኩለ ቀን ሆነ። ጣቴ የሳይረኑ ቁልፍ ላይ ነበር... አልተጫንኩትም።

አባባ ቀና አለ። ጠበቀ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ዶማውን ጥሎ ዳገቱን ተያያዘው።

ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። “ምን ሆንሽብኝ? አሞሽ ነው?”

እጁን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩና በሌላው እጄ የመክፈቻውን ሳይረን ለቀቅኩት፤ የእውነቱን። በሮቹ ሲከፈቱ አብረን ቆመን አየን። ማሳው ለዓይን እንኳ አልቀረም። እኔን ያሳደገኝ እኮ ያ ሽንኩርት ነው። ኃላፊው “ሙከራውን ማን ዝለይ አለሽ?” ብሎ ጮኸብኝ። ይጩህ።

ሐምሌ 26፣ ሰኞ

አባባ አሁን እኔ ጋ፣ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ብዙም አያናግረኝም። ዛሬ ግን ምሳዬን ይዞልኝ እስከ ግድቡ ድረስ መጣ። ሰዓቱ ሲደርስ ቁልፉን ተጫንኩ። ታች ደለል ብቻ ነው የሚታየው። አጠገቤ ቆሞ፣ ጆሮውን ሳይደፍን፣ እስኪያልቅ ሰማው።

“አሁን ታዲያ ማንን ነው ሰላም የምትይው?” አለኝ።