ሦስተኛው ጥያቄ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ጠዋት 1፡10
ዶሮዎቹን ፈታሁ። ጀሪካን ሞላሁ። ታደሰን ቀሰቀስኩ። እጁ ዛሬም ይንቀጠቀጣል፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። እናቱ ወባ ነው ትላለች። ከአምና ጀምሮ የማይለቅ ወባ! ደሙን ሦስቴ አስመረመርን፤ የለም። ልጄ 26 ዓመቱ ነው፣ አናጢ ነው። እጅ ከሌለው ምን አለው?

ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ስለ መጠጥ ራሱን ጠይቃው ነበር። "ኧረ ትንሽ ናት" አላት። አላመነችውም። ቤተሰቡን ለየብቻ ጠይቀው ይጻፉልኝ ብላ አራት ጥያቄ ሰጠችኝ፦
1. በሳምንት ስንት ቀን ይጠጣል?
2. ምን ያህል?
3. ጠዋት ሲነሳ ይጠጣል?
4. ሲቀርበት ምን ይሆናል?
"ማን አየ?" የሚል ሳጥን ራሴ ጨመርኩበት። ሃያ ዓመት ንብረት ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ መመዝገብ አያቅተኝም።

ማክሰኞ 12፤ ከሰዓት 11፡00
አቃተኝ፣ ደብተሬ። ልጁ አንድ፣ ወሬው አራት።
እናቱ፦ አይጠጣም። ጠላውስ ብላት ጮኸችብኝ። "ጠላ ደግሞ መጠጥ ሆነ? እህል እኮ ነው!"
እህቴ አስቴር፣ ከባምባሲ በስልክ፦ በየቀኑ፣ እስኪወድቅ። መቼ አየሽው? ለፋሲካ። አንድ ቀን!
አብዱራሂም፣ አሠሪው፣ የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት፦ "አራት ሰዓት ሲሆን ልጅህ ሚስማር አይመታም፣ ጣት ነው የሚመታ። ይወጣል። ሲመለስ እጁ ደህና። ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ጠዋትም ይጠጣል።" ሰውየው ሙስሊም ነው፣ ለሱ ሽታውም መጠጥ ነው ብዬ ቅንፍ ውስጥ አስገባሁት።
እኔ፦ ሁለት ቀን። ሲንገዳገድ ያየሁት ሁለት ቀን ስለሆነ።

3ኛው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ላንተ ብቻ ልንገርህ። ጠዋት ጠዋት አረቄ የምቀዳለት እኔ ነኝ። ዕቃ ቤት፣ ከማዳበሪያው ጆንያ ጀርባ። የሸሚዙን ቁልፍ እንዲቆልፍ። ከሥራ እንዳይባረር። እሱ መጠጥ አይደለም፤ እጅ ማጽኛ ነው። "አይጠጣም" ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕ 13፤ 6 ሰዓት
ሲስተር 3ኛው ላይ ሁለቴ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነዎት አባባ? ጠዋትም የሚጠጣ ከሆነ በአንዴ ማቆም አደጋ አለው፣ እዚሁ ተኝቶ በመድኃኒት ነው አለች። የአብዱራሂምን መልስ አነሳችብኝ። ሰውየው አያውቅም አልኳት። እንግዲያው ማቆሙን ቤት ይሞክር፣ ካላበው ወይም ከቃዠ በፍጥነት አምጡት አለችኝ።
ታደሰ ላይጠጣ ማለልኝ። አረቄውን ደፋሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ 15፤ ጠዋት
ሁለተኛ ቀኑ። አልቀመሰም። ግን ላብ በላብ ነው፤ እህል አይቀምስም። ግድግዳው ላይ ጉንዳን አለ ይላል። የለም። እናቱ፦ ወባው ተነሳበት! ጤና ጣቢያ ብወስደው ሲስተር 3ኛውን ትጠይቀኛለች። ትንሽ እንይ።

ቅዳሜ 16፤ 5 ሰዓት
ሥራ ልሂድ ብሎ ሄደ። አልከለከልኩትም። መጋዙ አጠገብ ወደቀ፤ አንፈራገጠው፤ ምላሱን ነከሰ። አብዱራሂም በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰው። በሕይወት አለ። በር ላይ አገኘኝና፦ "እኔ ባዳ ነኝ፣ አየሁ። አንተ አባት፣ አላየህም?" አለኝ።

ሲስተር አልተቆጣችም፤ ይሄ ባሰብኝ። መድኃኒቱን የምመጥነው በሚጠጣው ልክ ነው፣ ትክክለኛውን ይንገሩኝ አለች። ታደሰ አይናገርም። እናቱ አሁንም ወባ ትላለች። እኔ ረቡዕ አንብባ የመለሰችልኝ ወረቀት ቤት ቀርቷል ብዬ ወጣሁ። ውሸት። ኪሴ ውስጥ ነበር።

እንደገና ጻፍኩት።
1. ሰባቱንም ቀን።
2. ጠላ በትልቁ ጣሳ ሁለት፤ አረቄ ከሥራ መልስ፣ ልኩን አላውቅም።
3. አዎ። ከአምና ኅዳር ጀምሮ አንድ መለኪያ፣ ከሰኔ ወዲህ ሁለት።
4. የዛሬውን አይታችኋል።
ማን አየ? የቀዳው። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚመልሰኝ ባጃጅ በር ላይ ጥሩምባ እየነፋ ነው። እናቱ አልጋው አጠገብ ናት፤ እሷ ፊት ነው የማነበው። 3ኛውን መጀመሪያ። ካልሆነ ደግሞ እንደገና እሸሻለሁ።